ዝም ሲሉት የሚከፈተው ኮምፒውተር

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፦

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ብርዱ ጋብ አለልህ ወይስ አሁንም ካፖርትህን ለብሰህ ነው የምትተኛው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ካንተ ናፍቆትና ባንተ ላይ ካለኝ ንዴት በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ እንደ ልማዱ ነው፣ ምላሷ ግን ከጉልበቷ ይሻላል። ናፍቆቱን ታውቀዋለህ፤ ንዴቱን ልንገርህ።

ባለፈው ወር ደውለህ ስፌት ቤቱን ዘግቼ፣ የስፌት መኪናዎቹን ሸጬ፣ እማዬን ይዤ ወደ አንተ እንድመጣ ነገርከኝ። እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ዝም አልኩ። አንተም ዝምታዬን እሺታ አድርገህ ቆጠርከውና በሳምንቱ ገዢ ላክህብኝ! ሰውዬው መጥቶ መኪናዎቼን ከብት እንደሚገዛ ሰው ዙሪያቸውን እየዞረ መታ መታ ያደርጋቸው ጀመር። በመጣበት እግሩ ሸኘሁት።

ያ ለሁለት ከፍለህ፣ ባንዱ በኩል ያንተን ሊኑክስ በሌላው የእኔን ዊንዶውስ የጫንክበት ኮምፒውተር ደግሞ በነጋታው ቀጭ ቀጭ ሲል ቆይቶ ድርቅ አለ። ሃርድ ዲስኩ ነው። እማዬ ስትነግርህ «ይኸው ምልክቱ፤ እሱም ደከመው፣ ትጣለውና ትምጣ» አልክ አሉ። ኮምፒውተር ጠጋኙም ካንተ ጋር የተማከረ ይመስል «ሞቷል፤ አልቅሰሽ ቅበሪው» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁ። የስምንት ዓመት ንድፌ፣ የሦስት መቶ ደንበኛ ልክ እዚያ ውስጥ ነው። እሱ ቢጠፋ ባዶ እጄን ቀርቼ አንተ ጋ ከመምጣት ሌላ ምርጫ አይኖረኝም ነበር።

በየቅዳሜው ሙሉውን ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ እማዬ ሳጥን ውስጥ ስከተው «ቋጣሪዋ» እያልክ ትስቅብኝ አልነበር? አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። እኔ ሁለት ነበረኝ፤ ግን ቅጂው ይነሳ አይነሳ አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም።

አዲስ ዲስክ ገዝቼ ወደ ጠጋኙ ተመለስኩ። «ያንቺን ዊንዶውስ ብቻ ልመልስልሽ። የወንድምሽን ሊኑክስ ተይው፣ ከሄደ ስድስት ዓመቱ፤ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። አንተ ዝጊው ትላለህ፣ እሱ አጥፊው ይላል፤ የሰው እቃ ለመጣል እጃችሁ እንዴት ቀለል ይላል! ለእማዬ የነደፍክላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ፕላን እዚያ አንተ በኩል ነው ያለው። ኮምፒውተሩን ታቅፌ ወጣሁ። የኮምፒውተሩን አሠራር በእጅህ ጽፈህ የተውክልኝን ደብተርም አውጥቼ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቅጂው ላይ ካንተና ከእኔ ክፍል ሌላ፣ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረች። እኔም የልብስ ሰፊ ነገር፣ የጨርቅ ብጣሽ መስላኝ ተውኳትና ሁለቱን ትልልቆች ብቻ መለስኩ። ግማሽ ቀን ፈጀ። ስከፍተው ጥቁር ስክሪን! ያኔ ነው ደብተርህን ከመጀመሪያው ገጽ ያነበብኩት። ለካ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ማን የት እንዳለ የሚያውቀው በዚያች ብጣሽ ኖሯል። በማግስቱ ብጣሿንም ጨምሬ ሁሉንም እንደ አዲስ ገለበጥኩ። አስር ሰዓት ላይ ያ ሲነሳ «በማን በኩል ልግባ?» ብሎ የሚያስመርጠው የድሮው ዝርዝር ብቅ አለ፤ ያንተ ከላይ፣ የእኔ ከታች። እልል አልኩ። እማዬ «ማን ወለደ?» ብላ ከጓዳ ወጣች።

ንድፎቼ አንድም ሳይጎድሉ አሉ። ጠጋኙ አላምን ብሎ መጥቶ አየና «ማን ሠራልሽ?» አለኝ። «ቋጣሪዋ» አልኩት። እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ አልመጣም። ስፌት ቤቱም አይዘጋም። ያንን ገዢህንም ሁለተኛ እንዳትልክብኝ። እማዬን ብትጠይቃት «እኔ ጨርቅ ነኝ እንዴ፣ ሳልለካ የምቆረጠው?» ትልሃለች።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ መቀስ ቅቤ እንደሚቆርጥ ነው የሚሄደው። ለትልቋ ልጅህ ቀሚስ ጀምሬላታለሁ፣ ቁመቷን በደንብ ለክታችሁ ላኩልኝ። የትንሹን ጉንጭ ሳምልኝ። እማዬ ሁላችሁንም ትስማለች፤ አንተን ግን ስትቆጣ ቆይታ ነው የሳመችህ።

ለአንተ ደግሞ ይቺን ልጨምር። ዝርዝሩ አስር ሰከንድ ጠብቆ፣ የነካው ሰው ከሌለ ወደ አንተ በኩል እንዲገባ አድርገህ ነበር የሠራኸው። መርፌ ላይ ክር ሳስገባ አስሩ ሰከንድ እያለፈብኝ ስንት ጠዋት አጥፍቼ አስነሳሁት! ስነግርህም «የፈለገ ይምረጥ፤ ዝም ያለ የእኔ ነው» አልከኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ግን ነቅዟል። በደብተርህ የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዳለው አድርጌ ዝርዝሩን ቀየርኩት። ያንተ ክፍል እንዳለ ነው፣ የእማዬም ቤት ፕላን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ስትመጣ ግን ቶሎ ብለህ ምረጥ። አሁን ዝም ያለ የእኔ ነው።

እህትህ፣ ቋጣሪዋ
ከመቁረጫው ጠረጴዛ
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራት፣ ቅጂው እየተገለበጠ