ያጨበጨብንለት የላቲን ዱላ

ካልጋሪ፣ ጥር 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ገብረመድኅን፣
የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን ሰብሳቢ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? በተለይ ቀኝ ክንድዎ እንዴት ከረመ? በዚህ ብርድ ያን ያህል ሠርቶ እንዳይዝል ሰግቼ ነው። እግዚአብሔር ያበርታው እንዳልል፣ ከዚህ በላይ ከበረታ ልጆቻችን አይተርፉም።

እኔ የስምንት ዓመቷ የናሆሚ እናት ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ፊደል በማያጠና ልጅ ላይ ከእንግዲህ «ፈስቲጌሽን» እንደሚጀመር በዚያ በሚያምር እንግሊዝኛዎ ስላበሠሩን አመሰግናለሁ። አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ መስሎን አዳራሹ እስኪናወጥ አጨበጨብን። እንግሊዝኛ አያውቁም እንዳንባል ትርጉሙን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ እርስዎም እንደማንጠይቅ አሳምረው ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

1ኛ. ባለፈው ቅዳሜ ናሆሚን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርጋት፣ ከተሰበረ የሆኪ ዱላ ቆርጠው ባዘጋጁት እንጨት መዳፏን እስኪደማ፣ ጀርባዋን ሰንበር እስኪያወጣ ስለቀጠቀጡልኝ ውለታዎን አልረሳውም። ቤት ገብተን ሹራቧን ላወልቅላት ብል ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ እምቢ ስላለኝ፣ ለብ ባለ ውሃ እያራስኩ ነው ያላቀቅሁት።

2ኛ. በማግስቱ ዳውንታውን ቤተ መጻሕፍት ወርጄ ትልቁን መዝገበ ቃላት ብገልጥ፣ ቃልዎ እንግሊዞች ራሳቸው ከተውት ዘመን ያስቆጠረ፣ ላቲኖች ዱላን «ፉስቲስ» ከሚሉበት የመጣ፣ ትርጉሙም በቆመጥ መደብደብ የሆነ ሬሳ ሆኖ አገኘሁት። ሮማውያን ደግሞ ጥበቃ ላይ እንቅልፍ የጣለውን ወታደር የገዛ ጓደኞቹ ከበው በዚሁ ዱላ ቀጥቅጠው እንዲገድሉት ያደርጉ ነበር አሉ። ሬሳውን ቆፍረው ያወጡት «ልጆቻችሁን እደበድባለሁ» ቢሉ የሚያንቅዎት ሰው እንደማይጠፋ ስላወቁ መሆኑን ስረዳ፣ ለሊቅነትዎ ያለኝ አድናቆት ጨመረ።

3ኛ. ይህኛው ከሁሉ ይብሳል። በስብሰባው ቀን ናሆሚ ከኋላ ተቀምጣ ታየን ነበር። ቁስሏን ሳጥብላት ቀና ብላ «ማሚ፣ ሶ ለምን ክላፕ አደረግሽለት?» አለችኝ። የዚያ ወታደር ጓደኞች እኛ መሆናችን የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እርስዎን የምጠላዎትን ያህል ራሴንም ጠላሁ።

በእንግሊዝኛዎ ከተደመሙት አንዷ፣ ከእንግዲህ ግን ለማንም የማታጨበጭብ፣ አክባሪዎ
ተናኘወርቅ

ሳልረሳው፦ ዱላዎ ጠፋ ብለው በፍለጋ እንዳይደክሙ፣ ከክፍሉ ጥግ አንሥቼ ወስጄዋለሁ፤ እኔ ዘንድ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ይዤው መጥቼ የቃሉን ትርጉምና ምንጭ በሁሉም ፊት፣ በራስዎ ጀርባ ላይ አስረዳለሁ። ወላጆቹ እንደሆኑ ምንም ሳይጠይቁ ያጨበጭባሉ።