የእባቦቹ ጠባቂና የምሳው ትሪ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት። 6 ሰዓት ተኩል

በእባቦቹ ጠርሙስ ውስጥ አልኮሉ ጎድሏል። ሞላሁት። ጭድ የተሞላውን የእንጦጦውን ጅብ አቧራ አራገፍኩ። ምሳ፣ እንደ ልማዴ፣ የእንስሳት ሙዚየሙን በር ዘግቼ ብቻዬን። ልጄ አግብታ ሐዋሳ ከገባች ወዲህ ቤትም ብቻዬን፣ ዩኒቨርሲቲም ብቻዬን። ታውቂያለሽ ማስታወሻዬ፣ ካንቺ በቀር ወሬ የምነግረው ጭድ ለተሞላ ቆዳ ነው።

ዛሬ ግን ወሬ አለኝ! ሬጅስትራር የሥራ ቦታ ተከፍቷል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተሩ ከፈለግሁ ያዛውሩኛል። እስከ ዓርብ ልወስን። እኔ ከሄድኩ ሰው እስኪቀጠር ሙዚየሙ ይቆለፋል። ጠርሙሶቹስ? ይደርቃሉ።

የሬጅስትራሯ ጽጌ ሰምታ፣ ነገ ምሳ ከእኛ ጋር ብላኛለች። እዚያ ሁሉም ምሳ ዕቃውን አንድ ትሪ ላይ ገልብጦ ነው የሚበላው።

ረቡዕ። 8 ሰዓት

የእንስሳቱ ማቆያ ፎርማሊን ሽታ እንዲለቅ እጄን በሎሚ ሁለቴ ታጠብኩ። ሄድኩ! ግርማ፣ ያ የፋይናንሱ ተረበኛ፣ ገና ከበር ላይ፦ «እትዬ ሙሉ፣ ጅቡን ለማን አደራ ሰጥተው መጡ?» እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። የማን ልጅ ታጨች፣ ማን ሲግናል ሰፈር ቤት ተከራየ፣ ሁሉን ሰማሁ። ለእኔ ለብቻዬ ሳህን ቀረበልኝ። ልክ ነው። እነሱ ጾም ናቸው፣ እኔ ጴንጤዋ እንቁላል ይዣለሁ።

እዛወራለሁ መሰለኝ።

ሐሙስ። ማታ 2 ሰዓት

ጾም የለም። የአንዷ ምስር፣ የሌላዋ ቀይ ወጥ፣ የግርማ ፓስታ ትሪው ላይ ተገለበጠ። የእኔን ልጨምር ስከፍት ጽጌ ቀድማ ሳህን ገፋችልኝ። «ሙሉዬ፣ አንቺ በዚህ ይሻልሻል።» ግርማ እጄን አየና ወደ ትሪው አቀረቀረ። እሱ፣ ተረበኛው!

እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። እጄ ይሸታቸው ይሆን ብዬ ታክሲ ውስጥ ሰው አጠገብ መቀመጥ ፈራሁ። ሰፈሬ ወሰን ድረስ በእግሬ ገባሁ።

ዓርብ። 5 ሰዓት ተኩል

ጽጌን አልተቀየምኳትም። የሞተ ጅብ የሚዳብስ እጅ ከወጥ ጋር... ተይው። ግን ብዛወርም እጄ ያው እጄ ነው። ስንት ወር ቆይተው ይሆን ወደ ትሪው የሚያስጠጉኝ? እባቦቹ እስከዚያ ደርቀው ያልቃሉ።

አልዛወርም አልኳቸው ለዶክተሩ። ደነገጡ። ብቻሽን መሆኑ አይከብድሽም ወይ አሉኝ። ይከብደኛል አልኩ።

በሩን ዘግቼ መብላት ግን በቃኝ። ዛሬ ጾም ነው፣ ሆን ብዬ ሽሮ ነው የያዝኩት። ሳህኑ ለጾሙ ነው የሚባል ሰበብ አይኖርም። ሳህኑን ሲገፉልኝ አመሰግናለሁ፣ ምሳዬን ግን መሀል ትሪው ላይ እገለብጠዋለሁ። የበላ ይብላ፣ ያልበላም...

ሰዓቱ ደረሰ። ወደ እነ ጽጌ ልሂድ።