ስለ አራቱ የተዘጉ መስኮቶች ለክቡር ሊቀ መንበራችን

ካይሮ፣ ሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 1950 ዓ.ም.
የዛሬ ጠዋት ቁጥር፦ ለዘውድ በዓሉ ቴአትር የተመዘገቡ ወጣቶች ሠላሳ አራት፤ በእግራቸው የቆሙ አሥራ ሁለት፤ ቤታቸው የተኙ ሃያ አንድ፤ ሆስፒታል የገባ አንድ።

ለክቡር አቶ ባሕሩ ይመኑ፣
በካይሮ የኢትዮጵያውያን የጮራ ወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ደኅና እንደሆኑ ግን አልጠራጠርም፤ ባለፈው ዓርብ ልምምዱን ከፍተው ወደ ስብሰባ ስለሄዱ፣ ሹብራ ሰፈር ባለው የማኅበሩ አዳራሽ የቆዩት ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ወጣቶቹ የቆዩት ሦስት ሰዓት ነው።

እኔ በሙስኪ ገበያ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ከታመሙት አንዷ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ መንበረ፣ ልጄ ናት። ሱቄን ከመክፈቴ በፊት በየቤቱ እየዞርኩ የተኛውንና የተነሣውን በማስታወሻ ደብተሬ እመዘግባለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ከዚያው ደብተር ነው፤ ግልባጩም ለወላጆች ሁሉና ለአዝሃር ተማሪዎቻችን ማደሪያ ይደርሳል፣ በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፋል። ለወጣቶቻችን ጤና ስላደረጉት ጥንቃቄ ሁሉ ምስጋናችን በአደባባይ መነገር ስላለበት፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። የእስያ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው በሽታ ከተማዋን ሲያዳርስ፣ የግብጽ ሐኪሞች «በተዘጋ ቤት አትሰብሰቡ» እያሉ በራዲዮ ሲለፈልፉ፣ ክቡርነትዎ የሐኪም ሳይሆን የአገር ቤት ሰው ማስተዋል ስላለዎት፣ ጉንፋን የሚመጣው ከንፋስ እንደሆነ ወዲያው ተረዱ። ስለዚህ አራቱም መስኮቶች በምስማር እንዲመቱ፣ በላያቸውም ወፍራም መጋረጃ እንዲጋረድ አዘዙ። ንፋሱ በእውነት አልገባም። ከወጣቶቹ ጋር የገባው ግን የሚወጣበት አጣ።

ሁለተኛ። ሠላሳ አራቱም ወጣቶች ከአንድ የሸክላ እንስራ፣ ፌጦና ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ፣ በአንድ ኩባያ እየተቀባበሉ እንዲጠጡ በማድረግዎ እናመሰግናለን። መድኃኒቱ ለሁሉም እኩል እንዲዳረስ ታስቦ ነበር፤ ሌላውም እኩል ተዳርሷል።

ሦስተኛ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፉት ደንብ «ታምሜያለሁ የሚል ወጣት ራሱ አዳራሹ ድረስ ቀርቦ የሐኪም ወረቀት ያስረክብ፤ ያልቀረበ ድርሻው ለሌላ ይሰጣል» ይላል። ደንቡ ፍጹም ተከብሯል። ባለፈው ዓርብ፣ ጥቅምት 15 ቀን፣ ዘጠኝ ወጣቶች ትኩሳታቸውን ይዘው ወረቀት ሊያስረክቡ መጡ፤ ከመጡ አይቀር ብለውም ዘፈናቸውን ዘፍነው፣ ከእንስራውም ጠጥተው ሄዱ። መንበረ አንዷ ነበረች። እኔ ሱቅ ነበርኩ። እናቷ ብትከለክላት «ድርሻዬን ለሌላ ሊሰጡብኝ ነው እኮ» ብላ በኋላ በር ወጥታለች። ዛሬ ስትተነፍስ ከሚቀጥለው ክፍል ይሰማኛል።

አራተኛውን ሳልቆጥር በቀጥታ ብናገረው ይቀለኛል፤ የሙሐመድአወል ነገር ነው። ይህ ልጅ ከወሎ መጥቶ አዝሃር የሚማር፣ የማኅበሩን ወጣቶች ሁሉ የሚያስቅ ልጅ መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ጥቅምት 8 ቀን፣ መጋረጃው በተሰቀለበት ዓርብ፣ አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ብትወድቅ የአንዱን መስኮት ምስማር በቢላዋ ነቅሎ ከፈተው። እርስዎም ገና ከበሩ አልወጡም ነበርና ተመልሰው «አንተ ልጅ፣ ንፋስ ልታስመታን ነው? ዝጋው!» አሉት። እሱም በዚያ በለስላሳ አነጋገሩ «ጋሼ፣ እኛ አገር ተራራ ላይ ቁርኣን ስንቀራ ንፋስ ኪታባችንን ይገልጥልን ነበር እንጂ አንድ ቀንም ገድሎን አያውቅም» ቢልዎ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም። መስኮቱ እንደገና ተመታ፤ እሱም በቅጣት፣ ማንም እንዳይከፍተው እንዲጠብቅ፣ ከመጋረጃው ሥር ጥግ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ግራና ቀኙ የሚያስሉ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት በቁጥሬ ላይ «ሆስፒታል የገባ አንድ» ያልኩት እሱ ነው። ሐኪሞቹ ሕመሙ በሁለቱም ሳንባው እንደሆነ ነግረውኛል፤ እሱን ስጠይቀው ግን በምልክት ነው የመለሰልኝ።

ነጋዴ ነኝና ስለ ዕቃው እውነቱን እናገራለሁ። ያን ወፍራም መጋረጃ የሸጥኩልዎ እኔ ነኝ። ሃያ አራት ሜትር ሲያስቆርጡ ለምን እንደሆነ ነግረውኛል፤ እኔም «ይበጃል፣ ንፋስ አያሳልፍም» ብዬ በእጄ ዳስሼ አሳይቻለሁ። ልጄ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ሳትሸፍን መስኮት አጠገብ እንዳትቀመጥ የማዝዘው እኔው ራሴ ነበርኩ። ስለዚህ ከምስጋናው የእኔን ድርሻ ወስጃለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ በጽሑፍ ያቀረብኩልዎን አሳብ ሰዎች እንዲያውቁት እደግመዋለሁ። ልምምዱ በሱቄ ሕንፃ ጣራ ላይ፣ ስድስት ስድስት ሆነው፣ እርስ በርሳቸው ተራርቀው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በየተራ ይሁን፤ እያንዳንዱ ኩባያውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ፤ ያተኮሰው ይተኛ፣ ድርሻውም ይጠበቅለት፤ በዓሉም በአንድ ወር ይተላለፍ። መልስዎ በአንድ መስመር መጣ፦ «ጣራ ላይ ንፋስ አለ፤ በዓሉም አይተላለፍም፤ ማሌሽ፣ ግድ የለም።» ስለ አጭርነቱ አመሰግናለሁ። እንግዲህ የፊታችን ዓርብ የመጨረሻው ልምምድ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል ነው። የቆሙት አሥራ ሁለቱ፣ ከተኙትም መነሣት የቻሉ፣ ታናናሾቻቸውም ለማየት፣ በእነዚያ አራት መስኮቶች መካከል ይሰበሰባሉ። መንበረም ከአልጋዋ ሆና ቀን ትቆጥራለች። ከቅዳሜ በኋላ በደብተሬ የምጽፈውን ቁጥር ከአሁኑ መገመት እችላለሁ፤ ግምቴም ብዙ ጊዜ አይስትም።

በክቡርነትዎ አርቆ አሳቢነት ሁልጊዜ እየተደነቅሁ፣ ከዓርብ በፊት አንድ መስኮት እንኳ ቢከፍቱ ይህን ደብዳቤ በራሴ እጅ ከሰሌዳው እንደማነሣ ቃል እየገባሁ፣ ጤናዎን ከልብ በመመኘትና በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ቸኮል ወንድይራድ
የጨርቅ ነጋዴ፣ ሙስኪ

ከፊርማ በኋላ የታከለ። ደብዳቤውን ሳላሽግ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከአዝሃር ማደሪያ ሁለት ተማሪዎች ሱቄ መጡ። የሚፈልጉት ነጭ ጨርቅ ነው፤ ለማን እንደሆነ ሲነግሩኝ መቀሱን አስቀመጥኩ። ቃል የገባሁትንም እሰርዛለሁ፤ ደብዳቤው ከሰሌዳው አይነሣም። የጠዋቱን ቁጥር እንዲህ ያርሙልኝ፦ ሆስፒታል የገባ የለም። ክቡርነትዎ ቀብሩ ላይ ሊገኙ ቢያስቡ፣ መካነ መቃብሩ ገላጣ ስለሆነ ንፋስ እንዳይመታዎ ይጠንቀቁ።

በደብተሬ ለነገ የጻፍኩት፦ ከማለዳው ነጩን ጨርቅ ወደ ሆስፒታል ማድረስ። ከቀብር መልስ መሰላልና የምስማር መንቀያ ይዞ ሹብራ መሄድ፤ መስኮቶቹ አራት ናቸው።