የግራው ወንበር ብሎኖች

ዋንጋኑይ፣ ኒውዚላንድ
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ማርች 11 ቀን 2018

ውድ ሌስተር፣

ደህና ነህ ወይ? ጉልበትህስ? እዚያ ባሕር ማዶ ካልጉርሊ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ተንበርክከህ መዋልህን ሳስብ የእኔን ጉልበት ያመኛል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም። ቁጭ ብለህ አንብበው፦ መኪናዋን ጨረስኳት።

አዎ፣ አንተ ፈታተህ ትተሃት የሄድከውን አረንጓዴዋን ባለ ሁለት ወንበር ኤም ጂ። ትላንት በገዛ ሞተሯ ወንዙን ተሻግራ የመንገድ ብቃት ፍተሻውን አልፋ መጣች። የነዳኋትም እኔ ነኝ።

በደብዳቤህ፣ «በፋሲካ መጥቼ ቁርጥራጩን ብረት ለሚሰበስቡት እሰጣለሁ፣ ጋራዡን አጽድቼም በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ» ብለሃል። ቁርጥራጭ የሚባል ነገር የለም። የምትመጣው ለእሱ ከሆነ ቲኬትህን መልስ።

ከስድስት ዓመት በፊት ወጥ ቤት ቆሜ፣ «ወይ እሷ ወይ እኔ፣ ምረጥ!» አልኩህ። አንተ ደግሞ ሁለታችንንም ትተህ ሄድክ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጋራዡን በር አልከፈትኩም። አንድ ቀን ሁሉንም አውጥቼ ልጥል ገባሁ። መደርደሪያው ሙሉ የማርማላታ ጠርሙስ ነው፤ በየጠርሙሱ ላይም የእጅ ጽሑፍህ አለ። «የቀኝ በር። አትንኪ።» «የፍሬን። አትንኪ።» ደሜ ፈላ። በገዛ ቤቴ ማንን ነው አትንኪ የምትለው? የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። አልዋሽህም፣ የጀመርኩት በእልህ ነው።

ጎረቤታችን መርቪን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አጥር ተደግፎ እኔን ማየት ሆኗል። ጎማ ልፈታ የመሃሉን ትልቅ ብሎን ከጠዋት እስከ ምሳ በመዶሻ ስደበድብ፣ «በርቺ! አይዞሽ!» ሲለኝ ዋለ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ «ግሌኒስ፣ በዚያ በኩል ያለው እኮ የሚፈታው በተቃራኒው ነው» አለኝ።

«ከጠዋት ጀምሮ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ግን ሲያዩሽ ደስ ትያለሽ።»

ለካ ግማሽ ቀን ሙሉ ሳጠብቀው ነው የዋልኩት። መዶሻውን ወረወርኩበት፣ ሳትኩት። በማግስቱ የስጋ ፓይ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ፤ ሞተሩን ያነሳነውም አብረን ነው። የቀረው በሙሉ ግን የእጄ ሥራ ነው። ዝገት የበላውን ወለል ቆርጬ አዲስ ብረት በየድኩበት። አዎ፣ ብየዳ ተማርኩ! ክንዴ ላይ ሁለት ጠባሳ አለኝ፣ ለሚያየኝ ሁሉ እያሳየሁ ነው። ወንበሮቹንም በቆዳ ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኩን መጋረጃ የሰፋ እጅ ምን ያቅተዋል? ስፌቱን ስታየው አፍህን ከፍተህ ትቀራለህ።

የመኪና ክበቡ ሊቀመንበር ሊያያት መጥቶ ዙሪያዋን ዞሮ ዞሮ፣ «ባልሽ ግሩም አድርጎ ሠርቷታል» አይለኝም!

«ባሌማ ፈታቶ ሄደ» አልኩት። «የገጠምኳት እኔ ነኝ።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ታዲያ ሐሙስ ዕለት ለፍተሻ ወሰድኳት። እኔ በቀኝ መሪውን ይዤ፣ ፈታሹ ሆኔ፣ ያ ግዙፉ ሰውዬ፣ በግራ በኩል አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ነዳ ነዳ አድርጊና ፍሬኑን በደንብ ርገጪው» አለኝ። ረገጥኩት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ሆኔ ግን አልቆመም፤ ከነወንበሩ ወደፊት ተንሸራቶ ጉልበቱ ዳሽቦርዱ ሥር ተወሸቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ወንበር አልታሰረም እኮ!»

ጉድ! ለካ ቆዳው ሲያምር ለማየት ብዬ ቦታው ላይ አስቀምጬው ሳላስረው ረስቼዋለሁ።

«ሁለት ወር የመርቪን ወንድም እርሻ ላይ ስነዳት ነበር አላልሽኝም? አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ምንም አላለሽም?»

«ማንም ተቀምጦበት አያውቅም» አልኩት።

ሆኔ ጉልበቱን እያሻሸ፣ «በይ እሰሪውና ቅዳሜ ተመለሺ» አለኝ።

ቤት ስመለስ ጠርሙሶቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ የግራ ወንበር የሚል አንድም የለም። ጋራዡን ገለባበጥኩት። በመጨረሻ መሰላል ላይ ወጥቼ ስዳብስ፣ ጣሪያው ሥር ካለው ወራጅ ላይ፣ ከአሮጌ ባርኔጣህ ጀርባ፣ አንዲት የብስኩት ጣሳ አገኘሁ። አራቱ ብሎኖች ዘይት ተቀብተው በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ክዳኑ ላይ በእጅህ እንዲህ ተጽፏል፦ «የግሌኒስ ወንበር። በደንብ ይጥበቅ።»

አትንኪ አይልም።

ጣሳዋን ታቅፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት መኪናዋ አንተን ነጠቀችኝ ስል፣ ለካ አንተ ለእኔ ቦታ አበጅተህልኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር፣ ሌስተር። ግን አንተስ አፍ የለህም? ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ ኖሮ!

ብሎኖቹን አሰርኳቸው፤ እንደ ትእዛዝህም በደንብ አጠበቅኳቸው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቅ፦ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ፣ በዚህ አልደራደርም። ስለዚህ የጣሳዋ ጽሑፍ ልክ ሊሆን አልቻለም። ስሜን ሰርዤ ያንተን ጻፍኩበት።

አየር ማረፊያው በር ላይ አቁሜ እጠብቅሃለሁ። የሸራ ጣሪያዋን ገና አልሰፋሁትም፣ ወፍራም ጃኬት ደርብ። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ ጉልበትህንም ይማርልህ።

ግሌኒስ

ይህንንም ልጨምር፦ የሦስት ቀን ቦርሳ ብቻ አንጠልጥለህ እንዳትመጣ። ከኋላዋ የሻንጣ መጫኛ ገጥሜላታለሁ። ትልቁን ሻንጣህን ትችለዋለች፤ በሁለት ጆንያ ድንች ሞክሬዋለሁ።