እደግ ተመንደግ ያልኩባቸው ጠርሙሶች

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣ ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጃፍዎ ይድረስ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀዎት ወይስ ዛሬም ደህና ነኝ እያሉ ያታልሉናል? እማዬስ ዓይኗን ታየች? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሐሳብ ነው እንጂ። ሐሳቡን ልነግርዎ አምስት ቀን ሙሉ ብዕር ሳነሳና ስጥል ከርሜያለሁ።

ወንድም ጋሼ ሲደውል ከላይ ባለው አዲስ መሬት ላይ አርባ ጉድጓድ ቆፍረው እንደጨረሱ ነገረኝ። ሌላ ነገር እንትከልበት ቢልዎ እምቢ ብለው፣ ጠዋት ጠዋት እየሄዱ ያዩዋቸዋል አሉ። ያን ከሰማሁ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን አርባ የተከፈተ አፍ ይታየኛል።

በሽታው ሙዛችንን አጠውልጎ፣ ሁሉንም ነቅለን ካቃጠልን በኋላ ከአጥሩ ጥግ የተረፈችውን አንዲት ቡቃያ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ሲልኩልኝ በስልክ ያሉኝን አልረሳሁም። "አያትሽ የተከሏት ቀይ አንገት ሙዝ ናት፤ ዘሯ ከእንግዲህ ያለው በአንቺ እጅ ነው" ነበር ያሉኝ።

እማዬ ሥራሽ ምንድን ነው እያለች ስለምትጠይቅ ይህን ያንብቡላት። በምሠራበት የችግኝ ማባዣ ላቦራቶሪ ቡቃያዋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ እንገፋታለን። በበረኪና አጥበን፣ መሐሏ ላይ የምትቀረውን ጥፍር የምታህል ነጭ እምብርት ቆርጠን ጠርሙስ ውስጥ እናስቀምጣታለን። በጠርሙሱ ውስጥ ስኳር ያለበት የረጋ ምግብ አለ፤ አፈር የለም፣ ዝናብ የለም። እዚያ ሆና በጎንና በጎኗ ታቆጠቁጣለች፤ እኛም እየከፈልን ለየጠርሙሱ እናድላለን። ችግሩ፣ ለእሷ የሚጥማት ምግብ በዓይን ለማይታይ ተሐዋሲም ይጥመዋል። ትንፋሽ ከገባበት አለቀለት። ስለዚህ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል፤ ጠርሙስ ከተከፈተ ደግሞ ማንም አይናገርም። ኃላፊያችንን በሌለችበት እትዬ ዝምታ እንላታለን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት እዚህ ቤት ሕግ ነው።

የእርስዎ ቡቃያ አራት ጠርሙስ ሆና ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ቸኩዬ፣ ለመጠባበቂያ አንዱን እንኳ ሳላስቀር፣ ሃያ ሁለት ቦታ ከፈልኳት። መነጽሬ በትንፋሼ እየደበዘዘ ሲያስቸግረኝ ጭምብሌን ዝቅ አደረግሁት። የመጀመሪያዋ ቀይ አንገት ከምላጩ ሥር ብቅ ስትል እርስዎ ታዩኝ። ችግኝ አፈር አልብሰው "እደግ ተመንደግ" ሳይሉ ቀና ብለው አያውቁም። እኔም ሳላስበው በተከፈተው ጠርሙስ ላይ ጎንበስ ብዬ አልኩት። ደስ አለኝ። በሁለተኛውም አልኩት። አባባ፣ አሥራ ዘጠኙን አንድም ሳላጓድል መረቅኋቸው። ሦስት ሲቀሩኝ እትዬ ዝምታ ገባች፤ ጭምብሌን ሽቅብ ሳብኩና ሦስቱን ትንፍሽ ሳልል ጨረስኩ።

በአራተኛው ቀን መደርደሪያው ጋ ሄጄ አየኋቸው። አሥራ ዘጠኙም ከሥራቸው ወተት ጠብ ያለባቸው ይመስል ደፍርሰዋል። ሦስቱ ብቻ ጥርት ብለው ቆመዋል።

ጠርሙስ አጣቢያችን በደንብ ያልቀቀለቻቸው መስሏት ስታለቅስ አየኋትና ያን ቀን ምንም አልተናገርኩም። ዝምታን በማያስፈልግበት ቦታ ተማርኩት። በማግስቱ ግን አላስችል አለኝና ሄጄ እውነቱን አወጣሁ። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ እትዬ ዝምታ ወንበር ሳበችልኝ። "ምርቃት ክፉ ሆኖ አይደለም ልጄ፣ ትንፋሽ ስላለው ነው" አለችኝ። ታጥበው ይዳኑ ብዬ ለመንኳት፤ ተሐዋሲው ለሌላው መደርደሪያ ይተርፋል አለች። አሥራ ዘጠኙን በገዛ እጄ ቀቅዬ ደፋኋቸው። ቅጠል ማውጣት ጀምረው ነበር።

አሁን የቀሩን ሦስት ናቸው። እነሱ ከዳኑ ጊዜ ይፍጅ እንጂ አርባውን ጉድጓድ መሙላት አያቅታቸውም። ግን ፈራሁ አባባ። አሥራ አራት ቀን ካልሞላቸው ንጹሕ ናቸው አይባልም፤ ዛሬ ገና ዘጠኝ ነው። ጠዋት ስገባ መብራቱን ለማብራት እጄ እምቢ ይለኛል። ትናንት በአንደኛው ሥር ነጭ ነገር አየሁ። ጠርሙሱ ላይ ያረፈ የጣቴ አሻራ ኖሯል፤ ስጠርገው ጠፋ። እኔ ግን እስከ ምሳ ሰዓት እየተመላለስኩ ሳየው አረፈድኩ። ይህም ቢበላሽ ቁጣዎን አልፈራም፤ ተቆጥተውኝ ነው ያደግሁት። የምፈራው፣ አንድም ቃል ሳይሉ አካፋዎን አንስተው ጉድጓዶቹን መድፈን እንዳይጀምሩ ነው።

እባክዎ እስከ አሥራ አራተኛው ቀን አይድፈኗቸው። ጠዋት ሲሄዱ ደግሞ በባዶው ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጮክ አድርገው፣ ያቺን ቃል ይበሉልኝ። ከዚያ ሆነው ትንፋሽዎ አይደርስብንም። ምርቃትዎ ግን ይደርሳል።

እማዬን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ ዓይኗን ሳትታይ እንዳትከርም። ወንድም ጋሼን ስለ ስልኩ ያመስግኑልኝ። ታናሿ እህቴ በትምህርቷ ትበርታ፤ ወሬዋንም ቀነስ ታድርግ፣ ከእኔ ትማር። አክስቴን ባለችበት ሰላም ይበሉልኝ።

ከጠርሙሶቹ መደርደሪያ ፊት ለፊት፣ ከተከፈሉ በዘጠነኛው ቀን፣

አፏን የዘጋችው ልጅዎ