ወይራ የታጠነው ጠርሙስ

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ ለወይዘሮ ሐረገ ወይን፤ ቤተ ልሔም፣ ጋይንት።

ከተለየሁሽ ጀምሮ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የክረምቱ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? ባለቤትሽ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ እናታችን፣ ልጅሽ ብርቱካን፣ ከመሪጌታ ዘንድ ቅኔ የሚማሩት ተማሪዎችም ሁሉ እንደምን ከርመዋል? እኔ ለእግዚአብሔር ክብር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ደኅና የሆንሁት ግን ከትናንት ወዲህ ነው። ነጋዴው ወርቁ ከእናንተ ዘንድ መጥቶ ብርቱካን ከአልጋ ተነሥታ እህል መቅመሷን፣ ከተማሪዎቹም አዲስ የታመመ አለመኖሩን ሲነግረኝ ፈጣሪዬን እያመሰገንሁ ከምሠራበት ላቦራቶሪ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልሁ።

አሁን የሆነውን ላጫውትሽ። መሪጌታ ሲያነቡልሽ መሳቅሽ አይቀርም፤ እኔ ግን ያን ሰሞን አልሳቅሁም።

በሰኔ መባቻ ስድስት ተማሪዎችና ብርቱካን በትኩሳትና በተቅማጥ መውደቃቸውን ስትልኩብኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ምንጭ ጠረጠርሁ። በፈላ እንፋሎት የነጻ ጠርሙስ ልኬ ውሃውን እንድትሞዪልኝ የለመንሁሽም ለዚሁ ነበር። ወርቁ ይዞልኝ መጣ። ባክቴሪያ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ካሉበት እንዲበቅሉ ብዬ ሳህን ላይ ባለ ምግባቸው ዘራሁት። በማግስቱ ባየው ሳህኑ ባዶ ነው። ደስ አለኝ፤ ምንጩ ንጹሕ ነውና ሳትሰጉ ጠጡ ብዬ ጻፍሁና ወረቀቱን ለወርቁ ሰጠሁት።

ከዚያ የተረፈውን ውሃ ልደፋ ጠርሙሱን ባነሣው የእናታችን የወተት ቅል ሸተተኝ። ሐረግዬ፣ በወይራ አጥነሽው ኖሯል! ዕቃ ሳይታጠን ከቤትሽ እንደማይወጣ እያወቅሁ፣ አደራ አታጥኚው ሳልልሽ የቀረሁት እኔ ነኝ። ባክቴሪያውን ጭሱ ጎድቶት እንደሆነ፣ ባዶው ሳህን የምንጩን ንጽሕና አያስረዳም። ወደ አውቶቡሱ ሮጥሁ። ወርቁ ሊሳፈር አንድ እግሩን እንዳነሣ ደረስሁና ደብዳቤውን ከእጁ ነጠቅሁት። አብደሃል ወይ አለኝ። ሁለት ቀን ቆይልኝ ብለው፣ በቅሎዬ ደብረ ታቦር ቆማ ምን ልትበላ ነው እያለ አጉረመረመ። ቢሆንም ቆየልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

አለቃዬ አቶ ይርዳው ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡኝም። ጭስ፣ ረኃብና የመንገድ ሙቀት ያገኘው ባክቴሪያ ሁሉ አይሞትም፤ ቆስሎ ይደክማል እንጂ አሉኝ። እኛ የምንዘራበት ምግብ ደግሞ ሌላ ዓይነት እንዳይበቅልበት ሐሞት የገባበት ነው። ጤነኛው ይችለዋል፤ የቆሰለው ግን አይችለውምና ሳይበቅል ይቀራል፣ እኛም የለም እንላለን። ሰው ሆድ ሲገባ ግን አገግሞ ሊነሣ ይችላል። ለአራስ አጥሚት እንደሚቀድም ለእሱም ለስላሳው ይቅደም አሉ። ስለዚህ ውሃውን በሥጋ መረቅ ውስጥ ጨምረን ግማሽ ቀን በሙቀት አቆየነው። በሐዋርያት ጾም የሥጋ መረቅ ሳቀርብ መዋሌን መሪጌታ ይቅር ይበሉኝ። ከዚያ በሐሞቱ ምግብ ላይ ብንዘራው፣ በማግስቱ ሳህኑን ቀያይ ነጠብጣብ ሞልቶት አደረ። ዕዳሪ ወደ ምንጩ እንደሚገባ ምልክቱ ያ ነው።

አፍልታችሁ ጠጡ፣ ምንጩንም ከከብት ከልሉ ብዬ ወርቁን የሰደድሁት ያን ጊዜ ነው። አባቶቻችን ሳያፈሉ ጠጥተው ኖረዋል ያሉ ሽማግሌዎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ። መሪጌታ ግን እንግዲያው ድስቱ እኔ ቤት ይጣድ ማለታቸውን ወርቁ ሲነግረኝ አኮራኝ። ማገዶው እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ አደራሽን ክረምቱ እስኪወጣ አታቋርጪ።

ያቺን የመጀመሪያዋን ደብዳቤ እሳት ውስጥ ጨመርኋት። በገዛ እጄ ጠጡ ብዬ የጻፍሁት ደርሷችሁ ቢሆን ኖሮ በምን ዓይኔ አይሽ ነበር?

አሁንም ሌላ ጠርሙስ በወርቁ እጅ ልኬያለሁ። እንዳታጥቢው፣ እንዳታጥኚው። እባክሽ ላንድ ቀን ብቻ ባለሙያነትሽን ተይውና እንዲያው ሞልተሽ ላኪልኝ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። መሪጌታን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። የብርቱካንን ግንባር ሳሚልኝና፣ መቀዝቀዙን መሪጌታ በአንዲት መስመር ይጻፉልኝ። ወርቁ ነግሮኛል፤ ግን ካንቺ ካልሰማሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ወንድምሽ ጸጋዬ
ጎንደር፣ ሐምሌ ፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.