ከሰዓት በኋላ የሚታዘዙ እጆች

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃውን እሺ ብሎ ይወጣልዎታል? ጆሮዎስ፣ እህቴ እንደምትለው፣ የሚፈልገውን ብቻ መርጦ መስማቱን አልተወም? እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ቁመታቸው በሩን ሊነካ ነው። የልጆቼ እናትም ደህና ናት። እኔም፣ ይሄ ደህና ከተባለ፣ ደህና ነኝ።

አባባ፣ እህቴ ደውላ ሁሉን ነግራኛለች። የሰፈራችሁን ፀጉር አስተካካይ ለምና ቤት ድረስ ብታመጣልዎ፣ "ይሄ ልጅ የያዘው ምላጭ ነው መጥረቢያ?" ብለው መለሱት አሉ። ጢምዎ ደረትዎ ላይ መድረሱን፣ "ልጄ ካልላጨኝ ከነጢሜ ቅበሩኝ" ማለትዎንም ሰማሁ። እሷማ "የገዛ አባቱን የሚንቅ ሰው የሌላውን ጢም እንዴት ይላጫል!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። የቀረሁት ንቄዎት አይደለም፤ ምክንያቱ በስልክ የሚነገር አልሆነልኝም እንጂ።

እጄ ነው አባባ። ጠዋት እኔ ስነሳ ጣቶቼ አይነሱም። አንጓዎቼ ያብጣሉ፣ እንደ ትኩስ ድንች ይሞቃሉ። የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ የልጆቼ እናት ናት። ሱቅ የምከፍተው አርፍጄ ነው፤ ለደንበኛ ሰበብ መፍጠር ሁለተኛ ሙያዬ ሆኗል። ፀጉር በማሽን እቆርጣለሁ፣ ማሽን ይቅር ባይ ነው። ምላጭ ግን ይቅር ማለት አያውቅም። ጢም ላጨኝ ያለኝን ሁሉ "ዘንድሮ እኮ ጢም ነው ፋሽኑ፣ አሳድገው!" እያልኩ ስንቱን ጎረምሳ ባሕታዊ አስመሰልኩት።

ያየችኝ ሐኪም የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ብላ መድኃኒት ሰጠችኝ። ከዚያ የምበላውን ጠየቀችኝ፤ ጉዴ የወጣው ያኔ ነው። የሱቃችንን ልማድ ያውቁታል። ፀጉሩ ያማረለት ሰው ለአስተካካዩ ለስላሳ ያዝዛል፣ እምቢ ማለት ፀጉርህ አላማረም እንደ ማለት ነው። ያማረለት ሲበዛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ፣ ሻይ በስኳር፣ ብስኩት፣ የተጠበሰ ድንች ነው። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ስቃ ስታበቃ፣ "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አትጨምርበት" አለችኝ። ስኳሩን፣ ጥብሱን፣ ነጩን ዳቦ ቀንስ፤ ጎመን፣ ባቄላ፣ ዓሣ፣ ተልባ፣ ለውዝና ፍራፍሬ አዘውትር አለችኝ። ምግብ ብቻውን አያድንህም፣ መድኃኒቱን እንዳትተው፤ ለአንዳንድ ሰው ግን ሕመሙን ያቀልለታል፣ ሞክረውና እንየው አለችኝ። በመጨረሻም ከቤተሰብ ይህ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት።

ከዚያን ቀን ወዲህ የልጆቼ እናት ጉምሩክ ሆናለች። የሌላው ሰው ሚስት ባሏ ማታ ሲገባ መጠጥ መጠጣቱን ታሸታለች፤ የኔዋ የምታሸትተው ብስኩት ነው። ሥጋ ሻጩ ደንበኛዬ ምሳዬን ከፍቶ አይቶ፣ "ሰውዬ፣ ይሄን እኮ ፍየልም አማርጣ ነው የምትበላው! እኛን ተቀይመኸን ነው?" ብሎ ሱቁን በሳቅ አፈረሰው። ለስላሳ ስመልስ የሚኮራብኝ አለ፤ "ስኳር ያዘው" ብሎ ያስወራብኝም አለ። ደከመኝ አባባ። ሕመሙ ብቻውን አይደለም የሚያደክመው፣ እየሳቁ እምቢ ማለት ያደክማል። አንዳንድ ቀን ጎመኑ ፊት ተቀምጬ እንባዬ ይመጣል፤ ቢያንስ ሽንኩርት ቢኖርበት በሱ ባሳበብኩ።

ለውጡም ቢሆን እንደ ጢም ነው የመጣው። ሲያድግ አይታይም፣ አንድ ቀን ሲዳብሱት አለ። መድኃኒቱ ይሁን ጎመኑ፣ ወይስ ሁለቱ ተባብረው፣ ሐኪሟም አልለየችውም። ጠዋቱ ዛሬም ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ጣቶቼ መታዘዝ ጀምረዋል።

ምላጭ ያስያዙኝን ቀን ያስታውሳሉ? የልጆች ፊኛ ነፍተው፣ የሳሙና አረፋ ቀብተው፣ "ሳታፈነዳ ላጨው፤ የሰው ጉሮሮ ከዚህ ይሳሳል" አሉኝ። አሁንም በዕረፍቴ ቀን ፊኛ እነፋለሁ። ጧ! ይላል፣ የልጆቼ እናት አረፋውን ከግድግዳ ላይ ትጠርጋለች፣ ሌላ እነፋለሁ። ጎረቤቶቻችን "እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ የማንን ልደት ነው የሚያከብሩት?" እያሉ ነው አሉ።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቶቻችን ምንም አልሰሙም።

ስለዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ። ጠዋት አይጠብቁኝ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያስጠጉልኝ። ግማሹን ላጭቼ እጄ እምቢ ካለኝ፣ ሌላውን ለማግስቱ አሳድረዋለሁ፤ አንድ ሌሊት በግማሽ ጢም ቢያድሩ ከእህቴ በቀር የሚስቅብዎ የለም።

ሌላም ነገር ሰሞኑን ሲመላለስብኝ ከርሟል። ምላጭዎን ሲያስረክቡኝ "ዓይኔ ደክሟል፣ ከእንግዲህ ያንተ ነው" ብለውኝ ነበር። እጅዎን ወዲያው ኪስዎ ከተቱ። ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆውን በሁለት መዳፍዎ መሐል ያቅፉት ነበር፣ ስለሚበርድዎ ይመስለኝ ነበር። እናቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጠዋት ጠዋት የሸሚዝዎን ቁልፍ ስትቆልፍልዎ አይ ነበር። ፍቅር ነው እል ነበር። ፍቅርም ነው።

ምንም አልጠይቅዎትም። የልጆቼ እናት ግን ለቅዳሜ ምሳ ለሁለታችን ነው የምትቋጥረው። ዓሣውን ለምደዋለሁ፣ እርስዎም ይለምዱታል። ሐኪሟ ዘንድም አብረን ጎራ እንል ይሆናል፣ የነገርኳትን አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ምርቃትዎም በእጄ ላይ ይደርብኝ። ይህን ወረቀት አንብቢልኝ ብለው ለእህቴ አይስጧት። እኔና እርስዎ እንተዋወቃለን፤ ያለ መነጽር እንደሚያነቡት አውቃለሁ።

እጅ የነሣዎት
ልጅዎ